የወይራው እንጉዳይ

ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

እብድ ውሻ ሁለት ሰው ነከሰ። ጎረቤቴን እማዋይሽን ቀኝ እጇን፣ የምንዋጋውን ልጅ እታለምን ባቷን። ነገ ጧት በባዶ ሆዳቸው መድኃኒቱን አጠጣቸዋለሁ። ማሰሮውን ከፍቼ አየሁት፤ ይበቃል። የቀረው ይቆየኝ።

ጥር 15

የትናንቱን በሥርዓቱ ልጻፍ።

ይህን ደብተር የሰጠኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዓብዱልቃድር ነው። ያለፈበት የበሽተኛ መዝገብ ነው፤ በአንድ ፊቱ የሰው ስም አለ፣ ጀርባው ባዶ ነው። እኔ በጀርባው እጽፋለሁ። ፊደል ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ባሌ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ተማሪዎቹን ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ፤ የቀረውን ሐሊሜ በሱቋ ስኳር ከምትጠቀልልበት ጋዜጣ ለቀምሁ። ስለዚህ የብዙ ነገር መካከሉን እንጂ መጀመሪያና መጨረሻውን አላውቅም።

ውሻውን የገደለችው ራሷ እማዋይሽ ናት፤ በዘነዘና። ጠላ ሻጭ ናት፤ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት። ዛሬ ጧት ዋንጫውን ስትቀበለኝ አሸተተችና «ይኸስ ከእኔ ጠላ ይሻላል» አለች።

ከደጅ የቆመ አንድ ደንበኛዋ «ውሻውስ ያበደው ያንቺን ጠላ ቀምሶ አይደል?» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ስንት ዓመት ጠጥተህ አላበድህ! የሚያብድ አእምሮ የነበረው ውሻው ነው» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እታለም አልሳቀችም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ «መራራ ነው?» አለችኝ። «መራራ ነው፤ ግን ቶሎ ያልፋል» አልኋት። ጠጣችው። አባቷ ምንዋጋው የመሪጌታ የእኅት ልጅ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት። «እመይቴ፣ ለእግዜርና ለርስዎ ሰጥቻታለሁ» አለኝ።

መድኃኒቱ የመሪጌታ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አሮጌ ወይራ ግንድ ላይ የሚበቅል እንጉዳይ ነው፤ እንደ ፈረስ ኮቴ የጠነከረ፣ ከላይ ጥቁር፣ ሲሰብሩት ውስጡ እንደ ዝገት የቀላ። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል፤ ሦስት ጧት ይጠጣል። ከዚያ አርባ ቀን ወንዝ መሻገር የለም። የሚፈስ ውሃ የተሻገረ ሰው መድኃኒቱ ይፈርስበታል። በዋግ ይህን የማያውቅ የለም።

ስወቅጠው ሽታው ደከም ያለ መሰለኝ። ስለቆየ ይሆናል።

ጥር 17

ሦስተኛው ጧት አለፈ። አሁን አርባውን መቁጠር ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በጀርባ በኩል መጣሁ። ባልመጣ ይሻለኝ ነበር። የወይራው ጉቶ እዚያው አለ። ካቻምና ክረምት ነፋስ ጣለው፤ ግንዱን ካህናቱ ለበር መቃን አደረጉት። እንጉዳዩም ከዚያ ወዲህ የለም።

ከላይ «ባለው» ብዬ ጽፌአለሁ። «በነበረው» ማለት ነበረብኝ።

ማሰሮዬ ባዶ እንዳይሆን ከገደሉ አፋፍ ካለው ጥድ ላይ የበቀለውን ለቀምሁ። እሱም ከላይ ጥቁር ነው። ሲሰበር ግን ውስጡ ቢጫ ነው። የአንድ ዘር ይሆናል ብዬ ነው። ግራ እጅና ቀኝ እጅም ይለያያሉ፤ የአንድ ሰው ናቸው።

መሪጌታ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ዛሬ ከጉቶው ዘንድ ስደርስ ከኋላዬ «ከየትኛው ግንድ ነው?» አለኝ። ዞር ብዬ አላየሁም።

ጥር 23

ዓብዱልቃድር የሁለቱንም ቁስል በሳሙና አጠበ። ከዚያ ምንዋጋውን ወደ እኔ ቤት ጠራው። ድሬሰሩ የባለሱቋ የሐሊሜ ልጅ ነው፤ ደሴ ተምሮ መጣ። ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን ቸኩሎ ነበር።

«መርፌው ያለው አዲስ አበባ ነው» አለው። «ከኮረም መኪና አለ። እናቴ የምታውቃቸው ነጋዴዎች ይወስዷችኋል። ነገ ተነሡ።»

«ወንዙንስ?»

«የቱን ወንዝ?»

«እንዴ! መድኃኒት ጠጥታለች እኮ። አርባው ሳይሞላ ባሻግራት በእጄ ገደልኋት ማለት ነው።»

ወደ ኮረም የሚወስደው መንገድ ሁሉ ውሃ ይሻገራል። መጀመሪያ ከከተማው በታች ያለችውን ወንዝ፣ ቀጥሎ ጥራሬን። ዓብዱልቃድር ወደ እኔ ዞረ። «እትየ፣ እርስዎ ቢነግሩትስ?» አለ።

መቀነቴን አጠበቅሁ። «ሥርዓቱ ሥርዓት ነው» አልሁ።

ሌላ ምን እል ነበር?

ጥር 29

ዛሬ ቸኩያለሁ። ከውሃ ስመለስ ሴቶች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ፦ «ወለተ ሰንበት እስካለች ድረስ በሰቆጣ በውሻ የሚሞት የለም።» በጎን አለፍሁ።

መሪጌታን አንድ ቀን «ያዳንሃቸውን በምን ታውቃለህ?» ብዬው ነበር። «ያልተመለሰ ድኗል» አለኝ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ብዙዎች አልተመለሱም ነበርና።

ማታ። ይህን ገጽ ስገልጥ በፊተኛው ወገን ያለውን አነበብሁ። ላነበው ብዬ አይደለም። «ገብረ ኢየሱስ፣ ከአበርገሌ። ውሃ ይፈራል። በሦስተኛው ቀን ሞተ።» መሪጌታ በሞተበት ዓመት ከአበርገሌ የመጣ ገብረ ኢየሱስ የሚባል ሰው መድኃኒታችንን ጠጥቶ ነበር። በግ አምጥቶልን ነበር። ሳይመለስ ቀረ።

በዚህ ስም የሚጠራ ብዙ ሰው አለ።

የካቲት 2

ደብዳቤው መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የላቦራቶሪ ሊቅ መጥቶ ነበር፤ ቅጠልና ሥር ይሰበስባል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሐሊሜ ሱቅ ባገኘሁት ቁራጭ ላይ፣ ውጭ አገር ከሻጋታ የሚወጣ ነገር በዓይን የማይታየውን የበሽታ ዘር ይገታ እንደሁ በአይጥ እንደሚፈትኑ አንብቤአለሁ። መጨረሻው «በዚህ የታከሙት አይጦች ግን» ይላል፤ ከዚያ ወረቀቱ ተቀዷል። ብዙ ቀን «ግን ምን?» ስል ቆይቻለሁ። ሻጋታና እንጉዳይ ዘመድ እንደሆኑ በጠላው ጋን አፍ ላይ ከሚበቅለው ዐውቃለሁ። ስለዚህ ለሊቁ ከወይራው እንጉዳይ ሰባብሬ ሰጠሁት። አምና ጨምሪልን ብሎ ላከብኝ። ወይራው ወድቋል። ከጥዱ ላክሁለት።

ደብዳቤውን ዓብዱልቃድር በጤና ጣቢያው አነበበልኝ። ቀስ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ወስጄ እኔም አነበብሁት።

መጀመሪያ የሰጠሁትን በውሃ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ቫይረስ ከሚባለው የእብድ ውሻ በሽታ ዘር ጋር አንድ ላይ አደረጉት፤ በብርጭቆው ውስጥ ዘሩ እንዳይራባ ገታው። ቀድመው መድኃኒቱን ከሰጧቸው ዐሥር አይጦች ስድስቱ ዳኑ። ከበሽታው በኋላ የሰጧቸው ግን ሁሉም ሞቱ። «ኋላ የላኩልን ሌላ ዓይነት ነው። በብርጭቆም በአይጥም አንዳች አላደረገም። የመጀመሪያውን ዛፍ ካወቁት ይላኩልን፤ ነገሩ ትልቅ ተስፋ አለው። እስከዚያው ግን የተነከሰ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ አዲስ አበባ ይላክ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መርፌው አይሠራም።»

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሰማኝ። መሪጌታ አልዋሸም ነበር፤ በብርጭቆ ውስጥ ገትቶታል። ሊቃውንት መሰከሩለት። ደስ አለኝ፤ እውነት ደስ አለኝ። ሁለተኛውን ወዲያው መጻፍ አልቻልሁም።

ዓብዱልቃድር ደብዳቤውን አጠፈና «እትየ፣ ለእታለምና ለእማዋይሽ የሰጡት ከየትኛው ነው?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው» አልሁ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ቢሆንም ከተነከሱ በኋላ ነው የጠጡት» አለ። «አይጦቹ ሁሉም ሞቱ ይላል።»

«ሰው አይጥ አይደለም» ብዬ ወጣሁ።

የካቲት 4

ንገሪ። ንገሪ። ቀኑን ሙሉ ይለኛል ልቤ።

ብነግር የመሪጌታ ስም አብሮ ይወድቃል። እሱ ምን አጠፋ? ያጠፋሁት እኔ። ግን ሰው አይለይም።

ስሙ ነው ያሳሰበኝ። ሌላ አይደለም።

የካቲት 6

ምንዋጋው ቤት ሄድሁ። እታለም ከደጃፉ ጠጠር ደርድራለች፤ በየቀኑ አንድ ትጨምራለች። «ሃያ» አለችኝ። ባቷ ላይ ያለው ቁስል ድኗል፤ ጠባሳው እንደ ትንሽ አፍ ነው።

«አርባ ሲሆን ምን እሆናለሁ?» አለችኝ።

«ትድኛለሽ።»

«አሁንስ ምንድን ነኝ?»

ጠጠሮቹን በእግሬ እንዳልነካ ተጠንቅቄ ወጣሁ። መሪጌታ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ከየትኛው ግንድ፣ ከየትኛው ግንድ።

የካቲት 7

አደረግሁት። እንዴት እንዳደረግሁት እጽፋለሁ።

ልነግረው ነበር የሄድሁ። መንገድ ላይ ቃሉን አሰናዳሁ፦ ምንዋጋው፣ የጠጣችው የመሪጌታ መድኃኒት አይደለም፣ ወንዙ የሚያፈርሰው ነገር የለም፣ ውሰዳት። ቤቱ ስገባ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ልጅቷ እግሬን ልታጥብ ውሃ አመጣች። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«መሪጌታ ጽፎ የተወልኝ አለ» አልሁ። «የጠጣ ሰው የግድ መሻገር ቢኖርበት በሰው ትከሻ ሆኖ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ እግሩ ውሃ ካልነካ መሻገር አይባልም። መድኃኒቱም አይፈርስም።»

እንዲህ ያለ ነገር መሪጌታ ጽፎ አያውቅም።

ምንዋጋው ጉልበቴን ሳመ። «ሲጨንቀኝ ነው የከረምሁ፤ ድሬሰሩ በየቀኑ ይመጣብኛል። ይኸን ቀድመው ቢነግሩኝስ እመይቴ!» አለ።

«ዛሬ ነው ያገኘሁት» አልሁ።

የካቲት 8

ሄዱ። ወንዙ ዳር ድረስ ሸኘኋቸው። ምንዋጋው ልጁን በትከሻው አደረጋት፤ ዓይኗን ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ አሰርሁት። ከወዲያ ማዶ ሲደርሱ ፈታላትና እጇን አወዛወዘችልኝ። ዓብዱልቃድር ለነጋዴዎቹ ወረቀት ጽፎላቸዋል። የሸኘናቸው ሁሉ እልል አልን።

እማዋይሽም ነበረች። «እኔን ማን ይሸከመኛል? በቅሎ እንኳ ስታየኝ ጀርባዋን ታዞራለች» አለች።

የካቲት 9

እማዋይሽን ሞከርኋት። ብቅል ስታሰጣ አጠገቧ ቆምሁ።

«አንቺም ብትሄጂ ምን ነበር?» አልኋት።

«የት?»

«አዲስ አበባ። ለመርፌው።»

ሳቀች። «ያንቺን ጠጥቼ የለ? ወይስ እንደ እኔ ጠላ ውሃ ነው?» አለች። ዓይኔን አየችኝ፤ እየቀለደች ነው። «እታለምስ ልጅ ናት፤ አባቷ ይጨነቃል። እኔ ግን አንቺ ከሰጠሽኝ በኋላ ሐኪም ዘንድ ብሄድ አንቺን ማማት ነው። በሃያ ዓመት አንድ ቀን አምቼሽ አላውቅም። በፊትሽ እንጂ።»

ብቅሉን አብሬያት በተንሁ። ጀንበር ነበረች፤ እጇ ድኗል፤ ጤነኛ ትመስል ነበር። ጤነኛ ትመስል ስለ ነበር ነው ያልነገርኋት።

የካቲት 26

የእማዋይሽ አርባ ሞላ። ጾም ስለገባ ጠላ የለም እንጂ ከተማውን ባሰከረች። ደጃፌ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስክስታ ወረደች። «አለሁ!» ትላለች። «ውሻው ሞተ፤ እኔ አለሁ!»

ዓብዱልቃድር ሲያልፍ አይቶን ቆመ። አልሳቀም። «አርባ ቀን የሚባለው የሰው ቁጥር ነው፤ በሽታው አይቆጥርም» አለኝ ቀስ ብሎ። ያልሰማሁ መሰልሁ።

ምናልባት ጥዱም ይሠራል። ምናልባት።

መጋቢት 1

ከኮረም የመጣ ነጋዴ የምንዋጋውን ወረቀት አመጣ። በሌላ ሰው እጅ ያስጻፈው ነው። ዐሥራ አራቱም መርፌ አልቋል፤ እታለም ደኅና ናት፤ ከዘመድ ዘንድ ጥቂት ቀን አርፈው ይመጣሉ። «ያዳናት ግን ያው የርስዎ መድኃኒት ነው። መርፌውን ለሐኪሞቹ ደስ ይበላቸው ብለን ነው የተቀበልን» ይላል።

አለቀስሁ። ልጅቷ በመትረፏ ነው። በዚያ ብቻ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር።

መጋቢት 4

እማዋይሽ፦ «እጄን ጉንዳን እንደሚሄድበት ያደርገኛል።» የትኛውን? ቀኙን። ንክሻው ላይ። ሳቅ ብላ ነው የነገረችኝ።

ሮጬ ዓብዱልቃድርን ጠራሁ። አየ። ወደ ደጅ አወጣኝ። ጥላውን አጥፎ እንደሚሄድ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

መጋቢት 6

ውሃ ሰጠኋት። ጣሳውን ከአፏ ሳታደርስ ጉሮሮዋ ተያዘ፤ ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ሁለታችንም ጣሳውን አየን።

«አንቆኝ ነው» አለች።

«አንቆሽ ነው» አልሁ።

መጋቢት 7

በሩ ተዘግቶ፣ ብርሃኑ ተከልሎ ነው የምትተኛ። ነፋስ ሲነካት ትጮኻለች። ታናሽ እኅቷ ወለተ ሐና ትይዛታለች። መካከል ላይ ሲለቃት አእምሮዋ ሙሉ ነው፤ የሚከፋው እሱ ነው።

ከቀትር በኋላ ለቀቃት። ወለተ ሐናን «ውጪልኝ» አለቻት። እኔን በደኅነኛው እጇ ያዘችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል።

«የምነግርሽ አለ። እንዳትቀየሚኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ወንዙን ተሻግሬአለሁ። በሠላሳኛው ቀን ገደማ። የአክስቴ ልጅ ማዶ ሞተችብኝ፤ ለቅሶ ብቀር ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ማንም ሳያየኝ ደርሼ መጣሁ። ለአንቺ መንገሩ አሳፈረኝ።» ትንፋሽ አጠራት። «መድኃኒትሽን ያፈረስሁት እኔ ነኝ። በአንቺ ያሳብባሉ። ለወለተ ሐና እነግራታለሁ፤ በአንቺ እንዳያሳብቡ። ይቅር በይኝ።»

የምለው ቃል ከጥር ጀምሮ አፌ ውስጥ ነበር። አሁን ብናገረው ለእሷ ምን ያደርግላታል አልሁ በልቤ። ይህንም ያልሁት ለእሷ አስቤ እንደሆነ አላውቅም።

«ይቅር ብያለሁ» አልኋት።

ፊቷ ፈታ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

መጋቢት 8

ሳይነጋ ዐረፈች።

መጋቢት 10

በለቅሶው ሰው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው። «ወንዝ ተሻግራ ነው።» «አይ ልበ ደንዳና! እየተነገራት።» «ልጅቷ በትከሻ ተሻግራ ዳነች፤ እሷ በእግሯ ሄዳ ሞተች፤ ያየ ይማር።» ወለተ ሐና መጥታ ትከሻዬን ሳመች። «ተናዝዛልኛለች። አንቺ ምንም የለብሽም» አለችኝ።

መሪጌታ መጠየቁን ትቷል። የሚያስፈራኝ አሁን እሱ ነው። ቤቱ ጭር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ የእማዋይሽ ብቅል እንደተሰጣ አለ፤ ዶሮ ይጭረዋል፤ «እሽ» የሚል የለም።

መጋቢት 13

ከአበርገሌ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። ከትናንት በስቲያ ነው የተነከሱት፤ ታላቁ ክንዱን፣ ታናሹ ጭኑን። ወለተ ሐና ለለቅሶው የተዋሰችውን ጋን ልትመልስልኝ መጥታ ከደጄ ነበረች።

ታላቁ «የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ቤት ይኸ ነው? መድኃኒቱን ልንጠጣ ነው የመጣን» አለ።

«ይኸ ነው፤ ግቡ» አለቻቸው ወለተ ሐና ቀድማኝ። «ብቻ ከጠጣችሁ በኋላ ወንዝ እንዳትሻገሩ። እኅቴ ተሻግራ ነው የሞተች።»

ታናሹ ቁጭ አለ። ጫማውን ፈታ። እግሩ ከመንገድ ብዛት ተላልጧል። ማሰሮውን ከመደርደሪያው አወረድሁ፤ በልማድ ነው ያወረድሁት። ክዳኑን ስከፍት ቢጫው ዱቄት ታየኝ።

«መድኃኒት የለኝም» አልሁ።

ሦስቱም አዩኝ።

«ወይራው ካቻምና ወድቋል። ለእማዋይሽ የሰጠኋት ከጥድ የለቀምሁትን ነው። ለእታለምም። የዳነችው በመርፌው ነው። ወይራው ቢኖርም ከተነከሱ በኋላ አያድንም፤ በደብዳቤ ተጽፎልኛል። እማዋይሽን ወንዙ አልገደላትም።»

ወለተ ሐና ጋኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«አውቀሽ?» አለችኝ።

«አውቄ።»

«ይቅርታ ስትጠይቅሽስ?»

«ያን ጊዜም አውቄ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ስትደርስ ነው ድምፅዋ የተሰማው፤ ጎረቤት ሁሉ እየወጣ ሲጠይቃት ሰማሁ።

ታላቁ ወንድም ግራ ገብቶት ቆሟል። «ታዲያ እኛ ምን እንሁን?» አለ።

«አዲስ አበባ መርፌ አለ። ድሬሰሩ ወረቀት ይጽፍላችኋል። ከኮረም መኪና ትይዛላችሁ።»

«ወንዙንስ?» አለ ታናሹ። «አልጠጣንም እኮ፤ ግን የተነከሰ ሰው መሻገር…»

«ተነሣ» አልሁት።

ከዓብዱልቃድር ወረቀቱን ተቀብለን ወረድን። በየደጁ ሰው ቆሟል። አንዷ ስሜን ጠርታ ሰደበችኝ፤ ሌላዋ ዝም በይ አለቻት፤ የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች አላየሁም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ገቱ። ወንድማማቾቹም ቆሙ። ጫማዬን አወለቅሁና ፊት ፊታቸው ገባሁ።

በጋ ነው፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አልሸፈነውም።